ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው። በፎክስፕሮ የደመወዝ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ለጀመራችሁ፣ ዛሬ ግን በቴክኒክ ኮሚቴ ተቀምጣችሁ ጨረታ ለምትገመግሙ፣ የመምሪያ ኃላፊ ሆናችሁ ርክክብ ለምትፈርሙ። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ ለአዲስ ነገር መጓጓት የዕድሜያቸው ነው። ባንኩ፣ ወረዳው፣ ሆስፒታሉ የሚገዛውን የሚወስነው ግን የእናንተና የእኔ ፊርማ ነው። ስለዚህ አደራ የምለው እናንተን ነው፤ ሻጩ ሂሳቡን ዘግቶ ከሄደ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲወድቅ ልታነሱት የማትችሉትን ሲስተም በሕዝብ ላይ አትጫኑ።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሂሳባቸው ካለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚቻል አወቁ። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ፤ በየግቢው ኤቲኤም ፊት ሌሊቱን ሰልፍ ቆመ። ባንኩ ደርሶበት እስኪዘጋው 490 ሺህ ገደማ ግብይት ተፈጸመ፤ ያለ አግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ ራሱ ገለጸ። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ሰርጎ ገብ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ እንዳስታወቀው ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚከላከለው አዲስ ምርት አይደለም። ቀሪ ሂሳብን አይቶ መፍቀድና ብሩን መቀነስ ወይ አብረው እንዲፈጸሙ፣ ወይ አብረው እንዲቀሩ ማድረግ እኛ ኮምፒውተር ከመንካታችን በፊት የታወቀ የዳታቤዝ ሕግ ነው። ለውጥን በሙከራ ሰርቨር ላይ ሳይፈትሹ አለማስገባት፣ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ አስቀድሞ መለማመድ፣ ሌሊት ሎጉን የሚያይ ንቁ ሰው ማስቀመጥ፤ እነዚህ ሁሉ አሰልቺ ሥራዎች ናቸው። በኮንፈረንስ መድረክ አይወሩም፤ ሻጭም ይዟቸው አይመጣም። በጀት ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። ሀብታሙም አገር ቢሆን አላመለጠም። በኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ 5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱት ሂሳባቸውን ማየት እንኳ አቃታቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹም ባንኩን በ2022 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

አሁን ወደ ብሎክቼይን ልምጣ፤ ስለ እሱ ሲነገር ብዙዎቻችሁ በአዳራሽ ተቀምጣችሁ አጨብጭባችኋልና። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የካርዳኖን ብሎክቼይን ከሚሠራው ከአይኦኤችኬ ኩባንያ ጋር መስማማቱ ተነገረ። የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና የ750 ሺህ መምህራን መረጃ፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች፣ በብሎክቼይን ሊያዝ ነው ተባለ። ብሎክቼይን ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ብዙ ወገኖች፣ አንዳቸውንም ዳኛ ሳያደርጉ አንድ መዝገብ እንዲጋሩ ያስችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ግን ዳኛ አለው፤ ውጤቱን የሚሰጠውም የሚያረጋግጠውም መንግሥት ነው። ለዚህ በወጉ የተያዘ ዳታቤዝ፣ ዲጂታል ፊርማና በሌላ ሕንፃ የተቀመጠ ባክአፕ ይበቃል።

ከዚህ የሚከፋው ጥያቄው ራሱ ቦታውን መሳቱ ነው። ብሎክቼይን የገባው መረጃ እንዳይቀየር ይጠብቃል እንጂ ሲገባ እውነት ይሁን ሐሰት አያውቅም። የእኛ ሕመም ደግሞ ከመዝገቡ በፊት ነበር፤ በፈተና አዳራሹ፣ በወጣ ፈተናና በኩረጃ። በጥቅምት 2015 ተፈታኞች በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ በወረቀትና በእርሳስ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህን መራራ እውነት ያወጣው አውቶቡስ፣ የዶርም አልጋና የማያውቃቸው ፈታኝ ነው። በቀድሞው አሠራር የተገኘውን ውጤት በብሎክቼይን ብናትመው ኖሮ ውሸቱን ለዘላለም እንዳይፋቅ አድርገን አስቀመጥነው ማለት ነበር።

መውጫውን ሳይጠይቁ መረጃን አዲስ ነገር ውስጥ ማስገባት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከዚህ በፊትም በዚህ መንገድ አልፈናል። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ቢሮዎቻችንን ከጽሕፈት መኪና ያላቀቁ ሥራዎች ናቸው፤ ለሠሯቸው ሰዎች ክብር ይገባል። በዚያ ዘመን ግን የጋራ መስፈርት ስላልነበረ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲን ሆሄያት ቦታ በራሱ አደራደር አስቀመጠ። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት መውጫው ተከፈተ። ብዙ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላም ለዓመታት በአሮጌው ፎንት መጻፉን ቀጠለ፤ የተጻፈውንም የሚያዛውር በጀት ማንም አልያዘም። ሳሪስ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ የድሮ የይዞታ ደብዳቤ በፋይል አምጥተውልኝ አይቻለሁ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የላቲን ሆሄ፣ የጥያቄ ምልክትና የገንዘብ ምልክት የተደባለቀበት መስመር ነው። በማዛወሪያ ፕሮግራም ብናሳልፈው ስሙ ተነበበ፤ የካርታ ቁጥሩ ግን ግማሹ ወደ ሌላ ምልክት ተለወጠ። ባለይዞታዋ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መረጃችሁ ከሲስተሙ እንዴት እንደሚወጣ ዛሬ ካልጠየቃችሁ፣ ከ20 ዓመት በኋላ እንደ እሳቸው በር ላይ የሚቆም ሰው ይኖራል።

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሰው የሚሰማው ‹‹ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ›› የሚለውን ነው። ሲስተሙ ሲኖርም ለእኛ አልተሠራም። በአንድ መስኮት ፊት ሆኜ ያየሁት ነው፤ አንዲት ወጣት እናት ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጇን ልታስመዘግብ መጥታለች። ሠራተኛዋ ወሩን መረጠች፣ ቀኑን ለመምረጥ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበች፣ ዝርዝሩ 5 ላይ አለቀ። ደግማ ሞከረች። ከዚያም ቀና ብላ ‹‹ሲስተሙ 6ን አይቀበልም፤ 5 ልበለው?›› አለች። እናትየዋ ምን ትበል? እሺ አለች። የሆስፒታሉ ወረቀት 6 ይላል፣ መዝገቡ 5 ይላል፤ ልጁ ፓስፖርት ሊያወጣ በሄደ ቀን ይህ አንድ ቀን ስንት ቀን እንደሚያመላልሰው ታውቃላችሁ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን ያላወቀ ሲስተም በአዲስ አበባ ርክክብ ተፈጽሞለታል። አንድ ሰው ፈርሞለታል።

ስለ ዶላርም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የክላውድ ኪራይና ላይሰንስ በዶላር የተዋዋለ ድርጅት አንድ መስመር ኮድ ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ግንኙነቱም እንደ ምንዛሪው በእጃችን አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቷል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቷል። ካርዱን ከባሕር ማዶ ሰርቨር ላይ ካልሳበ ሕመምተኛ ማየት የማይችል ክሊኒክ በእነዚያ ቀናት ምን ይሠራል? በሳሪስ በኩል የሚያልፈውን ቀላል ባቡርም አስቡ። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ኩራታችን ነበር፤ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ የቆሙት ግን በመለዋወጫ እጦት ነው።

የሚጠቅም አዲስ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ጀሞ ላይ ሽንኩርት ለሚሸጡ እናት የደረሰው ኮከብ 127 መሰላል ብለው፣ በቁልፍ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው። እዚያ ያለው ቴክኒክ አሮጌ ነው፤ ግን ሰው በእጁ ከያዘው ስልክ ተነስቷል።

አሁን በራችሁ ላይ የቆመው ኮድ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያወጣውን ጥናት አንብቡ። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ለዓመታት በሚያውቁት የራሳቸው ኮድ ላይ 246 ሥራ ሠሩ። መሣሪያውን ሲጠቀሙ ሥራው 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እነሱ ግን በ20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። መሣሪያዎቹ ነገ ይሻሻሉ ይሆናል፤ ዛሬም ለብዙ ሥራ ያግዛሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ልዩነቱ ነው፤ ባለሙያው የተሰማውና ሰዓቱ የቆጠረው መለያየታቸው። በስሜት ግዢ የምትወስኑ ከሆነ ስሜቱ ራሱ እንደሚያሳስት ተመዝግቧል።

በእኛ ቋንቋ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይጨምራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ሆሄ አንድ ብቻ። በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተገነባ ሞዴል የአማርኛን ቃል እየቆራረጠ ብዙ ቶክን ያደርገዋል፤ ክፍያው ደግሞ በቶክን ነው፣ በዶላር። የደንበኛን ስም፣ ስልክና ሂሳብ እየቀዱ በእንዲህ ያለ ሞዴል መስኮት ላይ የሚለጥፉ ሠራተኞች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ደንግጓል፤ ተጠያቂ ሲፈለግ ማሽኑ አይቀርብም።

ከገንዘቡም በላይ የሚከነክነኝ ልጆቹ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብዙ ወጣት ሰርተፊኬት እየያዘ ወደ ቢሮዎቻችን ይመጣል። እኛ የተማርነው በሌሎች ሰዎች ስሕተት ላይ ሌሊት እያደርን፣ መስመር በመስመር እያነበብን ነው። ወጣቱ ማሽኑ የጻፈለትን ሁለት ሺህ መስመር ሳያነብ ካስረከበ፣ እኛም ሳናነብ ከፈረምን፣ ጡረታ በወጣን ማግሥት ያንን ሲስተም የሚያውቅ ሰው በአገሩ ላይ አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ የጻፈውን፣ ማሽኑም የጻፈለትን፣ በአፉ ያስረዳችሁ፤ ማስረዳት ያልቻለው መስመር አይግባ።

በሚቀጥለው የጨረታ ሰነዳችሁ ላይም እነዚህን ጨምሩ። መረጃው በሙሉ በዩኒኮድና በማንም ሊነበብ በሚችል ፋይል እንዲወጣ፣ ይህም ከርክክብ በፊት በፊታችሁ ተሠርቶ እንዲታይ። የሻጩ ሰው በሌለበት፣ የእናንተ ሠራተኞች ብቻቸውን፣ ሰርቨሩን ከባክአፕ እንዲያስነሱ። ኢንተርኔቱ ተነቅሎ ሲስተሙ ለአንድ ሙሉ ቀን እንዲሠራ። ጳጉሜ 6 ቀን የተወለደ ልጅ፣ የአያት ስም የሌለው ሰው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የተደረገ ክፍያ በፈተናው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ይህን ያላለፈውን ሲስተም፣ ከላይ ደውለው ቢያስቸኩሏችሁም፣ የምረቃው ሪባን ተሰቅሎ ቢጠብቃችሁም፣ ርክክቡን አትፈርሙ።