«ቀጥቃጭ» ስድብ ነው እንዴ?

የዛሬው አስተያየቴ ስለ አንድ ሐብልና ስለ አንድ ስድብ ነው።

በክወናና እይታ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ጌጥ ሠርተን እንድናመጣ ታዘን ነበር። እኔ ከተበላሸ ሬዲዮ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አወጣሁ። ዶቃውን ደግሞ ከታናሽ እህቴ የተበጠሰ አምባር ወሰድኩ። (ሐብሉ ለጥምቀት የሷ ይሆናል ብዬ ነው የሰጠችኝ።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረዘም ያለ ሽቦ ይቆረጥና ሦስት ዶቃ መሐሉ ላይ ይገባል። ከዚያ ሌላ ሦስት ዶቃ ይወሰድና አንዱ የሽቦ ጫፍ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ በዚያው ቀዳዳ ያልፋል። ሁለቱንም ጫፍ ሳብ ስታደርጉት አዲሱ መስመር ከፊተኛው ሥር ቁጭ ይላል። እንዲህ እየተባለ አንገት እስኪሞላ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ጫፉን በፒንሳ ጠምዝዞ መንጠቆ ማድረግ ነው።

ችግሩ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ሲዘረጋ እየደረቀ ይሄድና ቀጭ ይላል። ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ፤ አንዴማ አልቅሻለሁ። በኋላ ሰፈራችን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አባባ አይተውኝ «ልጄ፣ ፍም ላይ አግለሽ አቀዝቅዢው፣ ይለሰልሳል» አሉኝ። እውነትም እንደ ክር ለሰለሰ!

ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ግን ሳቅ ሆነ። «ቀጥቃጭ!» አሉኝ። «ቡዳ እንዳትበላን» ያለም አለ። አንዷ ጓደኛዬ ሐብሉን ልትነካው ፈራች። ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው። ማረሻውን ማን ሠርቶት ነው ጤፉ የተዘራው? የሰደበኝ ልጅ አንገቱ ላይ ያለውን የብር መስቀልስ አንጥረኛ አይደል የሠራው?

ከጎንደር ወደ እኛ ወደ ደባርቅ ሲመጣ መንገድ ላይ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የአገሩ ሰው ዕቃቸውን እየገዛ፣ እነሱን ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስድቡ ግን አልሄደም፤ ይኸው 7ኛ ክፍል ድረስ መጥቷል።

ስለዚህ መምህራን ይህን ስድብ ሲሰሙ እንደ ቀልድ ባያልፉት ጥሩ ነው እላለሁ። አባባም አንድ ቀን ክፍላችን ተጋብዘው ብረት እንዴት እንደሚለሰልስ ቢያሳዩን ደስ ይለኛል። ጠይቄያቸው «እኔን ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ።

ሐብሉ አልቋል። መዳብ ስለሆነ ላብ ሲነካው አንገት ያረነጉዳል እንጂ ያምራል። መሥራት የምትፈልጉ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ኑ። ፒንሳ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የኔን አባቴ ለሥራ ይፈልገዋል።