ነህው ለሳይንስ ምን ይጠቅማል?



በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ልጆች ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ማታ ይቀራሉ። ፈተና ሲቃረብ ግን ቀድሞ የሚተወው ቂርአቱ ነው። «ዶክተር ወይም ኢንጂነር መሆን ለሚፈልግ ልጅ ነህው ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአንድ እንግሊዛዊ ሊቅ ታሪክ እንፈልግ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድመንድ ሃሌይ (1656-1742) በስሙ የሚጠራውን ጅራታም ኮከብ ያጠና ሰው ነው። ኮከቡ በ1758 ተመልሶ እንደሚታይ በ1705 ጻፈ፤ ከሞተ በኋላም እንዳለው ታየ። ሃሌይ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ሳለ የጥንቱን ግሪካዊ የአፖሎኒዮስን መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሣ። መጽሐፉ ሾጣጣ ነገር በተለያየ አቅጣጫ ሲቆረጥ ስለሚወጡት ቅርጾች የሚያስረዳ ነው። ከነዚህ አንዱ ሞላላው ሲሆን፣ ማርስ ፀሐይን የምትዞረው በሞላላ መንገድ መሆኑን ኬፕለር በ1609 አስታውቆ ነበር።

ችግሩ ከ8ቱ ክፍሎች በግሪክኛ የተረፉት 4ቱ ብቻ መሆናቸው ነው። 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው የተገኙት በዐረብኛ ብቻ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ በኑ ሙሳ የሚባሉት ሦስት ወንድማማቾች ሥራውን መርተው፣ ሙስሊም ያልነበረው የሐራኑ ሳቢት ኢብን ቁርራ ሦስቱን ክፍሎች ተርጉሟቸው ነበር። ዕውቀትን ከማንም ይቀበሉ ነበር ማለት ነው።

ሃሌይ ታዲያ ምን አደረገ? ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ ዐረብኛ ተማረ! በዐረብኛ ብቻ የተረፈውን ሌላውን የአፖሎኒዮስ ሥራ በ1706 በላቲን አወጣ። ትልቁን መጽሐፍ ደግሞ በ1710 አሳተመ።

ያ ሊቅ በጎልማሳነቱ የለፋበትን ቋንቋ፣ ከጀማ ንጉሥ እስከ ዳና የወሎ ደረሳ በልጅነቱ ሲማረው ኖሯል። ነህው ብቻውን ግን ሳይንቲስት አያደርግም። ሃሌይ ዐረብኛውን ሊፈታ የቻለው ጂኦሜትሪውን አስቀድሞ ስላወቀ ነው። አንዱ ዕውቀት ሌላውን አገዘው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በፈተና ሰሞን ቂርአቱን ማሳጠር ይቻላል፤ ጨርሶ ማስተው ግን ልጁ በእጁ የያዘውን ቁልፍ ማስጣል ነው። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የሒሳቡን ደብተርና ኪታቡን ጎን ለጎን ያዙ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።