ውዱ ኮዳ እሳት አይችልም

በገበያ ውስጥ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የጥራት ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል። ሸማቹ ስለ ዕቃው አሠራር የሚያውቀው ሲያንስ ከሁለቱ ውዱን ያነሳና «ቢያንስ ይኼኛው አያሳፍረኝም» ብሎ ይሄዳል። ይህ ልማድ በጫማ ወይም በሬዲዮ ላይ ሲሆን የከፋ ጉዳት ላያስከትል ይችላል። በብረት የውኃ ኮዳ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከቤቱ ርቆ የሚሄድና መንገድ ላይ የቀዳውን ውኃ በዚያው ኮዳ አፍልቶ ለመጠጣት የሚያስብ ሰው፣ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን መርጦ ከወጣ ለጉዳዩ ከሁሉም የማይሆነውን ገዝቷል።

ጉዳዩ የተራራ ወጪ ቱሪስቶች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ አስጎብኚውና በቅሎ ነጂው፣ ገጠር የሚሰማራ ቀያሽ፣ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ሁሉ የወንዝ ውኃ ሳያፈሉ መጠጣት ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል። ጃርዲያና ታይፎይድ ለማንም አዲስ ስሞች አይደሉም። የጤና ባለሙያዎች ምክርም ግልጽ ነው፤ ውኃው ተንተክትኮ ለአንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ለሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት። ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳልና ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲፈላ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በደጋው ምድር እንግዲህ ኮዳው እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ያልሆነ ኮዳ የያዘ ሰው አደጋውም በዚያው ልክ ይረዝምበታል።

የብረት ኮዳዎች በጥቅሉ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሙቅ ውኃን ለሰዓታት ሙቅ፣ ቀዝቃዛውንም ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው ባለ ሁለት ግድግዳው ነው። አሠራሩ ከፔርሙዝ የተለየ አይደለም፤ በውስጠኛውና በውጭኛው ግድግዳ መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቶ ቦታው ባዶ እንዲሆን ይደረጋል። የዋጋውም ምክንያት ይኸው ነው። አንዱ ኮዳ በእርግጥ ሁለት ኮዳ ነው፤ አየሩን መጦ ማሸጉም ራሱን የቻለ ወጪ አለው።

ይሁን እንጂ የሻዩን ሙቀት እንዳይወጣ የሚከለክለው ያው ባዶ ቦታ፣ የእሳቱን ሙቀትም ወደ ውኃው እንዳይገባ ይከለክለዋል። ኮዳው ከሰል ላይ ሲጣድ የውጭው ግድግዳ እየጋለ ይሄዳል፤ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ገና ለብ አላለም። ብረቱ ይለጠጣል፣ ማሸጊያው ይላላል። በስንጥቅ የገባ አየር ወይም እርጥበት ካለም ግፊቱ መውጫ ያጣል። ኮዳው ሊፈነዳና በዙሪያው የተቀመጠውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የታወቀ የአሜሪካ አምራች የኮዳዎቹን ቂጥ ለማሸግ የሚጠቀምበት ጠብታ እርሳስ እንዳለበት አምኗል። ማሸጊያው በብረት ስለተሸፈነ ተጠቃሚውን እንደማይነካም ገልጿል። መልሱ ኮዳውን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው በቂ ሊሆን ይችላል። ቂጡን ፍም ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን በቂ አይደለም።

ሁለተኛው የአሉሚኒየም ኮዳ ነው። ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ተፈላጊ ነው፤ ሙቀትም በደንብ ያስተላልፋል። ችግሩ ውስጡ ነው። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ኮዳዎች ውኃው ከብረቱ ጋር እንዳይነካካ በውስጥ በኩል በስስ ሽፋን ይለበጣሉ፤ ሽፋኑም ለእሳት የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ስመ ጥር የስዊዘርላንድ አምራች ከነሐሴ 2008 በፊት በሠራቸው ኮዳዎች ሽፋን ውስጥ ቢፒኤ የተባለው ኬሚካል በትንሽ መጠን እንደነበረ ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። ኬሚካሉ በሰውነት ሆርሞን ላይ ጣልቃ እንደሚገባ ስለሚጠረጠር ጉዳዩ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል። በተጨማሪም አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ውኃ እስካለበት ድረስ ውኃው ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ውኃው ተንኖ ካለቀ ግን ግም ብሎ የሚነድ እሳት ሊያቀልጠው ይችላል።

ሦስተኛው ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነው። ባለ አንድ ግድግዳ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ውስጡ ያልተለበጠ የስቴንለስ ስቲል ኮዳ። ሻይ አያቆይም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲሞላበት ውጭው ያልበዋል፣ መልኩም አያምርም። ነገር ግን ብረቱ የሚቀልጠው ወደ 1,400 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ የማገዶ እሳት እዚያ አይደርስም። ሙቀቱም በአንዱ ግድግዳ አልፎ በቀጥታ ውኃው ዘንድ ይደርሳል። ቂጡ ላይ 18/8 ወይም 304 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ብረቱ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው ማለት ነው፤ ዝገትን የሚከላከለው ይኸው ድብልቅ ነው። 201 የተባለው ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ርካሽ ዓይነት ሲሆን ዝገት የመቋቋም አቅሙ ያንሳል። አንዳንድ ሰዎች በማግኔት ለመለየት ይሞክራሉ። ዘዴው ግን አያስተማምንም፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ማግኔት አይስቡም።

ገዢው ሱቅ ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፈተና አለ። ትንሽ ትኩስ ውኃ ኮዳው ውስጥ ጨምሮ ውጩን በእጁ ይዳስስ። ወዲያው ከጋለ ባለ አንድ ግድግዳ ነው። ቀዝቃዛ እንደሆነ ከቆየ እሳት አጠገብ አይቅረብ። ከዚያም አፉ ሰፋ ያለውን ይምረጥ፤ ለማጠብም ይመቻል፣ ሲፈላም እንደ ጠባቡ አይተፋም። ክዳኑ ፕላስቲክና ጎማ ስለሆነ ከመጣዱ በፊት ጨርሶ መነሳት አለበት። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋልና፣ የተከደነ ኮዳ እሳት ላይ መጣድ ቦምብ እንደመጣድ ይቆጠራል። እስከ አፉም አይሞላ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ እንደማያወጣም ማወቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በሸማቹ ጫንቃ ላይ ብቻ ለምን ይጫናል? አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ እንደሚወጣ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርገው አሳይተዋል። በ2001ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። የኮዳው ገበያ ከዚያም አንድ እርምጃ አልፎ የሄደ ነው። እዚህ ቸርቻሪው ራሱ ከገዢው የተሻለ ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው ፋብሪካው ነው፤ መጠየቅ የሚችለውም አስመጪው ነው። ሁለቱ ዝም ሲሉ ለገዢው የሚናገርለት ዋጋው ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው ደግሞ ስለ ሻይ ሙቀት እንጂ ስለ እሳት አይናገርም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ስቴንለስ ስቲል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። ባለ አንድ ግድግዳውም፣ ባለ ሁለት ግድግዳውም እኩል ይኸው ስም አላቸውና። የሚያስፈልገው በአማርኛ የተጻፈ አንድ አጭር መስመር ነው፤ «እሳት ላይ ይጣዳል» ወይም «እሳት ላይ አይጣድም»። አስመጪው ትዕዛዝ ሲሰጥ ፋብሪካው ቂጡ ላይ እንዲያትመው ቢጠይቅ፣ ያም ካልሆነ ወረቀት ቢለጥፍበት፣ ወጪው ከኮዳው ዋጋ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

ነጋዴዎች «ኮዳ ለመጠጫ እንጂ ለማፍያ አልተሸጠም፤ የሚያፈላ ድስት ይያዝ» ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የኮዳ ጥቅም የሚታወቀው ድስት በሌለበት ቦታ ነው። መኪና የተበላሸበት ሾፌር ወይም ጉም መንገድ ያሳተው ተራራ ወጪ በእጁ ያለውን ይጥዳል እንጂ ምን ለማድረግ እንደተሠራ አይመራመርም። ብረት ሆኖ ካየው እሳት ይችላል ብሎ ማሰቡም ስንፍና አይደለም፤ ቤቱ ያለው ብረት ድስት ሁሉ እሳት ይችላል። ነጋዴው ይህን የተለመደ ግምት እያወቀ ዝም ካለ «አልተጠየቅኩም» ማለቱ አያድነውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አስመጪዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ይህችን አንድ መስመር ቢጽፉ ራሳቸውም ይጠቀማሉ፤ ባለ አንድ ግድግዳው ኮዳ ለምን እንደሚፈለግ የሚታወቅ ከሆነ ገዢ ያገኛል። ውዱም ለሻይና ለቀዝቃዛ ውኃ ዋጋውን ይዞ ይሸጣል። እስከዚያው ድረስ ሸማቹ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ይኼ ኮዳ ግድግዳው ስንት ነው?» ሻጩ መልሱን ካላወቀ፣ ትኩስ ውኃው ይመልስለታል።