መጽሐፉን ተማሪው ይጻፈው

ባለፈው ክረምት ከቤተ መጻሕፍታችን የመጨረሻ መደርደሪያ ላይ ማንም ተውሶት የማያውቅ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። በርዳታ ከመጡት ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ የመጣ መሆን አለበት። የኤቨረት ጋሪሰን እና የሆጊ ካርማይክል ስም አለበት፤ ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ከቀርከሃ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

መቼም ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ዓሣ ለማጥመድ መጽሐፍ አያስፈልገውም። አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ትል፤ አለቀ። አጎቴ መጽሐፉን ሲያይ «ለቆሮሶ ይሄ ሁሉ?» ብሎ ስቆብኛል። እኔን የያዘኝ ግን ዓሣው ሳይሆን ሥራው ነበር። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪዎቹ በመላጊያ እየተላጉ ጎናቸው እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ስድስቱ በኮላ ሲጣበቁ ባለ ስድስት ጎን ድፍን ዘንግ ይወጣቸዋል። ዘንጉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የቅጥነቱም ልክ የተሰጠው በሺህኛ ኢንች ነው። አንድ ሺህኛ ኢንች ማለት 0.0254 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስተን «ችግር የለውም» የምንባባል ሰዎች መሆናችንን አስታውሱልኝ።

ጋሪሰን በሙያው መሐንዲስ ነበር። ዘንጉን በግምት አላቀጠነውም። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀርከሃው ምን ያህል ጫና ይሸከም ብሎ ይወስንና ከዚያ ውፍረቱን በስሌት ያወጣል። ይህን ሳነብ እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቀመሩን ሸምድጄ ያለፍኩት የማቴሪያል ጥንካሬ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ለካ ዘንግ ማለት በአንድ ጫፉ የተያዘ ካንቲሌቨር ነው! በጉብጠት ጊዜ ጥንካሬው ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ውፍረቱን አሥር በመቶ ብትቀንሱ ከጥንካሬው ከሩብ በላይ አጣችሁ ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ። በእጄ ይዤ ሲሰበር ግን አላየሁም ነበር።

አየሁት። የመጀመሪያው ዘንጌ ከጫፉ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቀጭ አለ። ምክንያቱም ቀርከሃ ጥንካሬው ያለው ከላይ፣ ከቆዳው ሥር ነው፤ ጭረቶቹ እዚያ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ወደ ውስጥ እየሳሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚላገው ውስጡ እንጂ ውጪው አይደለም። እኔ ግን አንጓው ጎርበጥ ሲልብኝ ከውጭ በኩል በመላጊያ ደልድዬ አሳመርኩት። ማሳመሬ ነው የሰበረው። መጽሐፉ ይህን ብሎ ነበር ወይ? ብሎ ነበር። አንብቤ አልፌዋለሁ። ሁለተኛው ደግሞ በኮላ ሳጣብቀው እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ሦስተኛው አልተሰበረም፣ አልተጠማዘዘም፤ ሁለት ቆሮሶም ይዤበታለሁ (አጎቴ በዚያው ቀን በተራ ዘንግ ዘጠኝ ይዟል፣ ይሄን ባላነሳው ይሻላል)።

እዚህ ላይ ነው አሳቤን መናገር የምፈልገው። ከመጽሐፍ ሙያ መማር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሁሌ አለ። አንዱ ወገን «እጅ ከእጅ ካላየ አይማርም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ያልተጻፈ ነገር እውቀት አይባልም» ይላል። እኔ ሁለቱም ጥያቄውን የሳቱት ይመስለኛል። ዋናው ነገር መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ነው።

ጋሪሰን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መጽሐፉ ሲወጣ በሕይወት የለም። ለፍጻሜ ያበቃው ካርማይክል ነው፤ ከጎኑ ቆሞ ሲሠራ ያየው፣ የጠየቀው፣ ራሱም ሞክሮ የተማረው ሰው። መጽሐፉ የሚረዳውም ለዚህ ይመስለኛል። ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ነገር ሲነግራችሁ ከባዱን ቦታ ይዘለዋል፤ ለእሱ ከባድ መሆኑ ቀርቷልና። የት ላይ እጅ እንደሚንሸራተት የሚያስታውሰው ትናንት የተንሸራተተበት ሰው ነው።

ያ መጽሐፍ ባይጻፍ ምን ይሆን ነበር? በአሜሪካ ይህ ሙያ ያኔ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የቀረ ነበር። ምርጥ የሚባለው ቀርከሃ የሚመጣው ከቻይና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ በቻይና ላይ የንግድ እገዳ ስትጥል ያ ቆመ፤ ገበያውን ፋይበር ግላስ ወሰደው። አዛውንቶቹ አንድ በአንድ እያለፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጋሪሰንን በዓይናቸው ያላዩ ብዙ ሰዎች ከዚህ መጽሐፍ ተምረው ዘንግ ሠርተዋል። አንዱ እንግዲህ ሐዋሳ ነው ያለው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የወርክሾፕ ቴክኒሻናችን ጋሼ (ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ) በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። የስንጣሪዎቹን ማላጊያ ቅርጽ፣ ስድሳ ዲግሪ ቦይ ያለውን ከወይራ የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ በብሎን የሚስተካከል የብረት ቅርጽ ነበር የሚለው፤ እኛ ጋ የለም። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩና «ይሄን ሰውዬ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። እንግሊዝኛውን አላነበቡትም፤ ሥዕሉ በቅቷቸዋል።

እሳቸው የሚያውቁት ነገር የትም አልተጻፈም። ሁለተኛው ቶርኖ ላይ መዘውሩን ወደ ኋላ ስትመልሱ ሩብ ዙር ባዶውን እንደሚሄድ፤ ስለዚህ አልፎ መልሶ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መምጣት እንደሚገባ ስንቶቻችን እናውቃለን? የምናውቀው ሥራ ካበላሸን በኋላ ነው። ስለት መደነዙን በድምፁ ይለያሉ። የትኛው ሞርሳ አፉ እንደማይገጥም ያውቃሉ። የሐምሌ አንደኛ ቀን ይህ ሁሉ በበሩ ይወጣል።

አንድ መምህሬ ይህን ሳነሳባቸው «ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ» አሉኝ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አልስማማም። ቪዲዮ እጅን ያሳያል፤ የእኛን ቶርኖ ግን አያውቀውም። ደግሞም ካርማይክል ጋሪሰን ሲሠራ ፊልም ቀርጾት ነበር። ፊልሙ እያለው ለምን መጽሐፍ ጻፈ? ፊልም ላይ ልኩ አይታይም፣ ለምን እንደተደረገም አይታይም። ይህ ልጽፈው የምለው ነገር በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም። እኔ ያንን መጽሐፍ ለማንበብ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ግማሹ ጊዜ ከመዝገበ ቃላት ጋር ነው ያለቀው። የእኛ የደጋ ቀርከሃም ከቻይናው ጋር አንድ ዝርያ ስላልሆነ የልክ ሠንጠረዡን እንዳለ መገልበጥ አልቻልኩም። እኛው ለእኛ፣ በአማርኛ፣ እዚህ ባለው መሣሪያ መጻፍ አለብን።

«ተማሪ የጻፈውን ማን ያምነዋል?» ለሚሉ ደግሞ፣ ጋሼ አሁንም አሉ፤ አንብበው ያርሙታል። እስከ ሰኔ ብቻ ነው እንጂ።

ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶች አንዱ የአንድን መሣሪያ ወይም የአንድን ሥራ መመሪያ ከቴክኒሻን ሥር ተምሮ መጻፍ ይሁን፤ ማርክ ይሰጥበት። ራሴን ላጋልጥ፤ ባለፈው ሴሚስተር ያስረከብኩት ሪፖርት ግማሹ ከቀደመኝ ተማሪ የተወሰደ ነው። እሱም ከቀደመው ወስዶት ይሆናል። ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ዘንጉ ሦስት ጊዜ ደክሞኝ ምንም አላገኘሁበትም፤ የማስታውሰው ግን እሱን ነው።

እስኪወሰን ድረስ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ ደብተር ጀምረናል። እስካሁን አሥራ አራት ገጽ ደርሷል፤ ስለ ሁለተኛው ቶርኖ ብቻ። ጋሼ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች አንብበው ሁለቱን ሰርዘውብናል። በሚቀጥለው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት የመላጊያ ስለት አወጣጥ ሊያሳዩን ነው። የምትመጡ እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ቀድሞ ሞክሮ ያበላሸ ቢመጣ ይመረጣል።