መዝገብ ዝም ሲል

«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። በሰው ዘንድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄ የቀረበለት መዝገብ ዝም ሲል ግን ወርቅነቱ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ እንዳይሆን በአጭሩ ላስረዳ። አር.ዲ.ኤፍ. በሚባለው ሥርዓት ማናቸውም ዕውቀት ሦስት ክፍል ባለው ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ይኸውም ባለቤት፥ ግንኙነት፥ ተሳቢ ነው። «ኢትዮጵያ፥ ዋና ከተማዋ፥ አዲስ አበባ» እንደ ማለት ነው። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች በሚሊዮን የሚያከማቸው መዝገብ ትሪፕል ስቶር ይባላል፤ መጠየቂያ ቋንቋውም ስፓርክል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 የጸደቀው የስፓርክል 1.1 ደንብ «ሰርቪስ» የምትባለውን ቃል አጸና። በዚህች ቃል አማካይነት፥ በተለያየ ቦታና በተለያየ ባለንብረት እጅ ያሉትን መዝገቦች በአንድ ጥያቄ አጣምሮ ለመጠየቅ ይቻላል። ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ወደ ቢሮ የተንከራተተ ሰው የዚህ ጥቅም ሳይነገረው ይገባዋል።

ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ በ2012 የተጀመረው ዊኪዳታ፥ ማንም ሰው በነጻ የሚጠቀምበት ታላቅ መዝገብ፥ ከመጠን በላይ ስለ ገዘፈ የመጠየቂያ ክፍሉ በ2025 ለሁለት ተከፈለ። የምርምር ጽሑፎች በአንድ ወገን ሆኑ፤ የቀረው፥ ሰዎችና አገሮች ጭምር፥ በሌላው ወገን ሆነ። ስለዚህ ጸሐፊውን ከጽሑፉ ጋር አገናኝቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ሁለቱን በሰርቪስ ማጣመር ግዴታው ሆነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከመዝገቦቹ አንዱ ቢዘጋ ወይም ቢዘገይ (ዊኪዳታ አንድን ጥያቄ ከ60 ሰከንድ በላይ አይታገሥም) ጥያቄው በሙሉ ይከሽፋል። ይህ ያስመረራቸው ሰዎች «ሳይለንት» የምትባለውን ቃል ይጨምራሉ፤ ትርጓሜዋም «ያኛው ባይመልስም ዝም ብለህ እለፍ» ማለት ነው።

እስቲ በዚህ ዐይነት «ስለ ቡና የምርምር ጽሑፍ ያወጡ ኢትዮጵያውያን እነማን ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። አንደኛው መዝገብ የኢትዮጵያውያንን ስም ያወጣል፤ ሁለተኛው ከነዚህ መካከል ስለ ቡና የጻፉትን ይለያል። ሁለተኛው ዝም ቢል ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በደንቡ መሠረት ዝም ያለው መዝገብ ማንንም እንዳልከለከለ ስለሚቈጠር የአንደኛው ዝርዝር እንዳለ ያልፋል፤ አበበ ቢቂላ ሳይቀር የቡና ተመራማሪ ሆኖ ይወጣል! አበበን ያየ ሰው ይስቅና ያርመዋል። ስሞቹን ሳያይ ድምሩን ብቻ ወስዶ ለአለቃው ሪፖርት የሚጽፈው ወጣት ሠራተኛ ግን በምን ያውቃል?

ሌላም ዝምታ አለ። ኢትዮጵያ በዊኪዳታ «ኪው 115» ትባላለች፤ ዲቢፒዲያ በተባለው መዝገብ ግን በእንግሊዝኛ ስሟ ትጠራለች። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር በጥያቄው ውስጥ ያላስገባ ሰው፥ አዳማን በናዝሬት ስም እንደሚፈልግ ሰው፥ ያለ አንዳች ስሕተት ማስታወቂያ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ከዐሥር መዝገብ አንዱ ስለ ታመመ የዘጠኙ ድካም ከንቱ ይቅር ወይ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ክርክራቸውም ዋዛ አይደለም። የከተማ ፎቶግራፍ ወይም ተጨማሪ ስም ለመለጠፍ ከሆነ ሳይለንት ትግባ፤ ቢጐድል የሚጐዳ የለም። ለሚጣራና ለሚቈጠር ነገር ግን እኔ መክሸፉን እመርጣለሁ፤ የከሸፈ ጥያቄ መክሸፉ ይታያልና።

እኔም ራሴ ይህችን ቃል በልማድ ስጽፍ ቈይቼ፥ አንድ ቀን ያስረከብኩት ሠንጠረዥ ግማሽ ዐምዱ ባዶ እንደ ሆነ ያየልኝ ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዋናው ጥያቄ በፊት እያንዳንዱን መዝገብ ለብቻው «ስንት አለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቍጥሩንና የጠየቅሁበትን ሰዓት፥ ያልመለሰም ካለ ስሙን፥ በሠንጠረዡ ግርጌ እጽፋለሁ። ዐምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።