ዳማከሴ የአንድ ቀን ነው



“ዶክተር፣ መድኃኒትነት ያላቸውን ተክሎች ቤት ውስጥ ብናሳድግ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?” የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትልኩልኛላችሁ። አጭሩ መልሴ፦ ትከሉ! ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን እስከ ሐይቅ ይዣችሁ ልሂድ።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ያደግኩት እዚያ ነው። ከቤታችን ጀርባ የአያቴ ጓሮ ነበር፤ ስፋቱ ከአንድ ክፍል ቤት አይበልጥም። መሐሉ ላይ ጎመንና ቃሪያ፣ ጥግ ላይ ሁለት እግር ቡናና አንድ ሎሚ፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና ዳማከሴ። ቡና ሲፈላ “ሂድ ጤና አዳም ቀንጥሰህ ና” የምባለው እኔ ነበርኩ። ምች የመታው ጎረቤት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ዳማከሴ ፍለጋ የሚመጣው እኛ ቤት ነው።

አያቴ ታዲያ አንድ ሕግ ነበራት። ቅጠሉን በእጇ አሽታ ከሰጠች በኋላ “ዳማከሴ የአንድ ቀን ነው፤ ያደረ ትኩሳት የሐኪም ነው” ትላለች። ሰውየው ከአምባሰል ቆላ ሰንብቶ የመጣ ከሆነማ ያቺን አንድ ቀንም አትሰጠውም። “ይኼ ወባ ነው፣ ጤና ጣቢያ ሂድ” ብላ ትሸኘዋለች።

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ሕክምና ተምሬ ስጨርስ ግን የእሷ ሕግና የወባ ሕክምና መመሪያ አንድ ሆነው አገኘኋቸው፦ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራና ሕክምና!

እኔ ግን ሐኪም ስሆን የአያቴን ጓሮ ናቅኩት። ስህተቴን ልንገራችሁ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንዲት እናት ከቆላ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ትኩሳቱ አራት ቀን ሆኖታል። “እስካሁን ምን ስትሰጡት ነበር?” አልኳት። “ዳማከሴ” አለችኝ። ሰው ፊት ተቆጣኋት፤ “ቅጠል እየጨመቃችሁ ልጅ ትገድላላችሁ!” አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኳትን ሁሉ “የለም፣ አልሰጠነውም” ብቻ ሆነ መልሷ። ምርመራው ወባ መሆኑን አሳየ፤ ደሙም በጣም ወርዶ ነበር። ደም ተሰጠው፣ ታከመ፣ ፈጣሪ ይመስገን ዳነ።

ሊወጡ ሲሉ የልጁ አያት ቀስ ብለው ጠሩኝ። “ልጄ፣ ሌላም ሥር አጠጥተነው ነበር። ስትቆጣ ጊዜ ፈርተን ነው ያልነገርንህ” አሉኝ። ያ ሥር ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉበቱን ወይም ኩላሊቱን ጎድቶት ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን ሳላውቅ በጨለማ ስዳክር እገኝ ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ለዚህ ነው ዛሬ ሁለት ወገን የምወቅሰው። አንደኛው፣ ባህላዊ መድኃኒት ሲነሳ የሚስቅና የሚቆጣ ነጭ ጋዋን ለባሽ፤ ማለትም የትናንቱ እኔ። ሁለተኛው፣ በየስልካችን “ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል” እያለ የሚሸጥልን። የመጀመሪያው ታካሚ እውነቱን እንዲደብቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ታካሚ ኪኒኑን እንዲያቋርጥ ያደርጋል።

ተክሎቻችን ከንቱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው ምርምር የተጀመረው እዚያ ነው። የዛሬው የወባ መድኃኒት ኮአርተምም መነሻው አርቲሚሲያ የሚባል ተክል ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በዚሁ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ተክሉን በሻይ መልክ አፍልቶ ወባን ማከም አይመክርም። ምክንያቱም በአንድ ሲኒ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ትንሽ ከሆነ ተውሳኩን ሳይገድል መድኃኒቱን ያላምደዋል።

ዳማከሴም በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ትኩሳት የማውረድ ባሕርይ አሳይቷል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው! ትኩሳቱ ሲበርድ ልጁ የተሻለው ይመስላል፤ ወባው ግን ደሙ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

ታዲያ ለምን እንትከል? በእኔ እምነት አንደኛ ለመብላት፣ ሁለተኛ ለደስታ፣ መድኃኒትነቱ ሦስተኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን እዚያ አንደርስም። በረንዳ ላይ ያለ ጎመን 400 ግራሙን አይሞላም፤ ግን ዓይናችሁ ስር ስላለ ትበሉታላችሁ። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ወንዞች በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። የራሳችሁን ጎመን ምን እንዳጠጣችሁት ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

ደስታውን ደግሞ ከራሴ ልናገር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጓሮዬ አራት የተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው። ከአዳር ሥራ ስገባ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት ውኃ አጠጣቸዋለሁ። በሶብላውን ስነካው የሚወጣው ሽታ ሐይቅ ይመልሰኛል። ይኼን የሚተካ ኪኒን አላውቅም።

ለመጀመር ያሰባችሁ እነዚህን ያዙ፦

1. ከሚበላው ጀምሩ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ናና፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል። ቃሪያ በቂ ፀሐይ ይፈልጋል።

2. የምግብ ዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ከሥሩ ቀዳዱት። ቀለም ወይም ኬሚካል በነበረበት ዕቃ የሚበላ ነገር አትትከሉ።

3. ውኃ አታቁሩ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቷል። ከተማ ውስጥ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃ የሚራባ ትንኝ ነው። ከሥር የምታስቀምጡትን ሳህን ሁልጊዜ ድፉ።

4. ጤና አዳም ለቡና ማጣፈጫ ግሩም ነው። ነፍሰ ጡር ግን ትተወው፤ በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ሊያነሳሳ ይችላል። ፀሐይ ላይ ስትቀነጥሱትም ጭማቂው ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል እጃችሁን ታጠቡ።

5. ለልብ ቫልቭ ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን የምትወስዱ ጎመን አልተከለከላችሁም። ግን አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላውን ሳምንት ጭራሽ እንዳይሆን፤ መጠኑን እኩል አድርጉ። ቫይታሚን ኬው ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

6. ለማርገዝ ያሰብሽ እህቴ፣ ጎመን ፎሌት አለው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም የሆነውን የፎሊክ አሲድ ኪኒን ግን አይተካም። ከእርግዝናው በፊት ጀምሪው።

የአያቴን ሕግም ያዙልኝ። ለቀላል ጉንፋንና ምች ዳማከሴው የአንድ ቀን ነው። በወባማ አካባቢ ላለ ወይም ከዚያ ለመጣ ትኩሳታም፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር፣ ያቺን አንድ ቀንም አትስጡ፤ ወዲያው አስመርምሩ። ሐኪም ጋ ስትቀርቡ ደግሞ የጠጣችሁትን ሁሉ፣ ሥሩንም ቅጠሉንም፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ እኛም ሳንቆጣ እንጠይቅ። ያቺ እናት ልጇን ስለምትወድ ነው ዳማከሴ የጨመቀችው፤ እኔ ጋ ያመጣችውም ስለምትወደው ነው።

አያቴ ዛሬ የለችም፤ ጓሮው ግን አለ። ባለፈው ስሄድ ከዳማከሴዋ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ መጣሁ። አራተኛው ጀሪካን ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የእናንተስ ቤት ውስጥ ምን በቅሏል? ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት እንዲህ ያለ ሕግ ካለ ንገሩኝ። ለምትወዱትም ሰው አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!