ባጃጇን የገደላት ጎርፉ አይደለም

ዘንድሮም ያው ነው። ደንገጎ ላይ ይዘንባል፣ ድሬ ላይ ጠብታ የለም፣ ሰው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ባጃጁን አቁሞ ጫቱን ይቅማል፣ ከዚያ ደቻቱ ድንገት ጭቃና ግንድ ተሸክሞ ከተፍ ይላል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከጎርፉ የባሰው ይመጣል፦ «እስቲ አስነሳት!» የሚለው ሰው።

አቦ፣ አታስነሷት!

በየክረምቱ እጮኻለሁ፣ በየክረምቱ ሰሚ የለም። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ላድርገው፣ ቢያንስ «አልነገርከንም» እንዳትሉኝ። ውሃ ውስጥ ያደረች ባጃጅ ሬሳ አይደለችም። አንድ ፒስተን ያላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ በካርቡሬተር ቤንዚን የምትጠጣ ቀላል ማሽን ናት። እኔ ጋ እየተጎተቱ ከሚመጡት ውስጥ ሳትሞከር የመጣችው ብዙውን ጊዜ ትድናለች። ተሞክራ የመጣችው ናት ኪስ የምታራቁተው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተር አየርና ቤንዚን ጨምቆ ነው የሚሠራው። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከቴስታታው ሥር ውሃ ከጠበቀው መሄጃ የለውም፣ ይቆማል። እጀታውን ስትስብ እንቢ ካለህ ወይም ሞተሪኖው ካቃተው፣ እሱ ሞተሩ «ተወኝ» እያለህ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ ሦስት ጎረምሳ እንጠራለን። «ማርሽ አስገባ፣ እንገፋልሃለን!» ሞተሪኖ ያልቻለውን የሦስት ሰው ጉልበትና ቁልቁለት ይችለዋል። ቢዬላውን ማጉበጥ ማለቴ ነው።

የደቻቱ ውሃ ደግሞ ውሃ ብቻ መሰላችሁ? ግማሹ አሸዋ ነው። ዘይቱ ውስጥ የገባ ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ያው ዘይት ፍሪሲዮኑንም ስለሚያጥብ እሱንም አይምረውም። ቆማ ሳለች አሸዋው ተኝቷል፣ ማንንም አይጎዳም። አንዴ ሞተሩ ከዞረ በየኩሽኔታው ይሰራጫል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አምና ነሐሴ ላይ አንድ ልጅ፣ የሰው ባጃጅ ነድቶ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባ፣ ንጋት ላይ ደወለልኝ። ባጃጇ ሌሊቱን ባለንብረቱ ራሱ «እዚህ አሳድራት» ባለው ግቢ ቆማ ጠልቃለች። «እስክመጣ ቁልፉን ኪስህ ክተት» አልኩት። ከተተ። ባለንብረቱ ግን ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። «የዛሬው ገቢ ሊያመልጥ ነው እንዴ?» ብሎ ልጁን አስቀምጦ አስገፋት። ስደርስ ቢዬላዋ ጎብጧል። የጥገናው ሒሳብ ማን ላይ ተጻፈ? ልጁ ላይ! «አንተ እጅ ላይ ነው የተበላሸችው» ተባለ። ለወራት ከገቢው በላይ እየተጨመረ ከፈለ፣ እናቱን የሚጦር ልጅ።

ለባለንብረቱ ብረቱን አሳየሁት። «አንተ መካኒክ ነህ ዳኛ?» አለኝ። ዳኛ አይደለሁም ጌታዬ፣ ብረት ግን አይዋሽም። የቆመ ሞተር ውስጥ ውሃ ቢገባ ያዝጋል፣ ዘይት ይበክላል፣ ሽቦ ይበላል፣ ቢዬላ ግን አያጎብጥም። ቢዬላ የሚጎብጠው ፒስተን ሲንቀሳቀስ ነው። ጠፍታ ቆማ የጠለቀች ባጃጅ ቢዬላዋ ጎብጦ ከተገኘ ከጎርፉ በኋላ ሰው ነክቷታል ማለት ነው። ሹፌሩ ጎርፍ ውስጥ እየነዳ ገብቶ ጠፍታበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ ከእሱ ጋር እንነጋገራለን። ቆማ ለጠለቀችው ግን «አስነሳት» ያለው ይክፈል። ከዚህ ሌላ ፍርድ እኔ አላውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃው ይጉደል። በ1998ቱ ክረምት ይህ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ነው የወሰደብን፣ ለብረት ብላችሁ ደቻቱ ውስጥ አትግቡ። ከዚያ ቁልፉን ሳትነኩ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ጭቃው የቱ ድረስ እንደደረሰ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሳትታጠብ በፊት! የአየር ማጣሪያው ደረቅ ከሆነና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ እድለኛ ናችሁ፣ ፍሬንና ሽቦ አጽድታችሁ ትሄዳላችሁ። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል።

ካንዴላውን ፍቱ። በካንዴላው ቀዳዳ ውሃው ይውጣ፣ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ይተፋዋል። ትንሽ ንጹሕ ዘይት በዚያው ቀዳዳ ጠብ አድርጉበት፣ ቀለበቶቹ ዝገው ሲሊንደሩ ላይ እንዳይጣበቁ። ይሄ በዚያው ቀን መሠራት አለበት። ሳምንት ቆይታችሁ ብትመጡ እኔም ተአምር የለኝም። ዘይቱን ስታፈሱ መጀመሪያ ውሃው ይወርዳል፣ ከታች የሚተኛው እሱ ነውና። ርካሽ ዘይት ሞልታችሁ ጥቂት ደቂቃ ካሠራችኋት በኋላ አፍሱት፣ ማኪያቶው እስኪጠፋ ድገሙት። ሁለቴም ሦስቴም ሊሆን ይችላል። ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ቤንዚኑን ሃይላንድ ውስጥ ቅዱና ትንሽ አቆዩት፣ ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ታዩታላችሁ። ታንኩና የካርቡሬተሩ ሆድ ይጽዳ። የሽቦ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በኮምፕሬሰር አድርቁ። የሞተሩ ክንፎች መሃል የደረቀ ጭቃ ከተረሳ ደግሞ አየር አያሳልፍም፣ ያዳናችኋት ባጃጅ በሳምንቱ በሙቀት ትያዛለች። የፍሬን ታምቡሮቹን ሳትከፍቱ ሰው አትጫኑ፣ ውስጣቸው ጭቃ ነው።

ይሄ ሁሉ የቀን ሥራ ነው። ለዚህ ነው ገና ከሩቅ አይተው «ሞተር ይውረድ» የሚሉ የሙያ ጓደኞቼ የሚያናድዱኝ። ካንዴላ ሳትፈታ፣ ዘይት ሳታይ፣ በምን አወቅክ ወንድሜ? ሞተር ማውረድ ሒሳቡ ወፍራም ስለሆነ ነው እንጂ! ሌሎቹ ደግሞ አሉ፣ አጥበው፣ ወንበር ቀይረው፣ ቀለም ቀብተው ለማያውቅ ሰው የሚሸጡ። ገዢ ከሆናችሁ ወንበሩን አንስታችሁ ሽቦው መጋጠሚያ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣ ጥጋጥጉ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ፈልጉ። ቀለም ያንን አይሸፍንም።

«ኢንሹራንስ አለኝ» የምትሉም አትዘናጉ። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን እናንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው፣ ጎርፍ ለበላት የራሳችሁ ባጃጅ አይደለም።

ባለንብረቶች፣ ስትቀጥሩ ስለ ቀን ገቢው ብቻ አትነጋገሩ። አንድ መስመር ጨምሩ፦ ውሃ ከገባባት መካኒክ ሳያያት ማንም አያስነሳትም፣ አስነሳት ብሎ ያዘዘ የጥገናውን ይከፍላል። ሹፌሮች፣ ይቺን መስመር የማይፈርም ሰው ባጃጅ አትያዙ። ይሄን ብዬ «ሹፌር አሳመፅክ» የሚለኝ ካለ ኮሜንቱ ክፍት ነው። የጎበጠውን ቢዬላ ማየት የፈለገም ይምጣ፣ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል።